ሽማግሌ ይዤ ማስ ሃክናሳ የሄድሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ልሸኝ ብዬ አፉላ ባቡር ጣቢያ ተቀምጠን ነበር። ሐይፋ ትማራለች፤ ከትምህርቷ ጎን ለጎን አንድ ልብስ መደብርና አንድ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ባቡሩ እስኪመጣ ስልኳን አውጥታ በአውራ ጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች። «ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት፣ «ቴኡም ማስ ነው አያቴ። ሁለት ሥራ ያለው ሰው ግብሩን ማስተካከል አለበት፤ አለዚያ ከሁለተኛው ሥራ ግማሽ ያህሉን ይቆርጡበታል» አለችኝ፤ እኔ የማላውቀው መስሏት ድምጿን አለስልሳ። ባቡሩ ሳይደርስ ጨርሳ ስልኩን ኪሷ ከተተችው፣ ጉንጬን ስማኝ ገባች። እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ነገሩ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ያ ዘመን ይመለስብኛል።

ያኔ ባቡር የሚባል ነገር አልነበረም። አፉላ ማለት አውቶቡስ ጣቢያው ነበር፤ ወታደሩም ተማሪውም ሠራተኛውም እዚያው ሲጋፋ ይውላል። ከጣቢያው ወጣ ብሎ ጥግ ላይ የሱፍ ፍሬ እያመሰ በወረቀት ከረጢት የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ ሽታው እስከ ባንኮቹ በር ድረስ ይሸኘን ነበር። ፈላፈል ስድስት ሼቄል ነበረ መሰለኝ። አንዱን ገዝቼ ለሦስት ልጆቼ አካፍላቸዋለሁ፤ ለቲማቲሙና ዱባ ለሚመስለው ቢጫ ስልስ ግን ሻጩ አያስከፍልም ነበርና፣ ልጆቹ ዳቦው እስኪበሳ ይሞሉት ነበር። እኛ ሴቶቹ ከገበያው በሃያ ሼቄል የሚገዛውን ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ጉርድ እንለብሳለን፣ በላዩ የወንድ ልጃችንን ሹራብ፣ በራሳችን ሻሽ። ከጫማ መጠገኛው አጠገብ የአገር ቤት ካሴት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበር፤ ማሲንቆው ሲጀምር እርምጃችንን ቀነስ እናደርጋለን፣ ቆመን አንሰማም፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል። ዘመኑ አውቶቡስ የሚፈነዳበት የፍርሃት ዘመን ነበር፤ ዝርዝሩን ሌላ ይጻፈው። አውቶቡስ ስንሳፈር ከንፈራችን በጸሎት ይንቀሳቀሳል፣ በየበሩ ቦርሳ ይፈተሻል። ሰው የሚፈራውን ሁሉ እኔም እፈራ ነበር። ከዚያ ሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ወረቀት ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። የእኛ ቤተሰብ በአያቶቻችን ጊዜ ከአይሁድ ሃይማኖት ወጥቶ ከክርስቲያኑ ጋር የኖረ ነው። እዚህ ከገባን በኋላ የመመለሻውን ትምህርት ተምረን፣ ራቢዎች ፊት ቀርበን ተጠይቀን፣ ውሃው ውስጥ ጠልቀን ወጥተን ነው የተቆጠርነው። ራቢው «ከእንግዲህ አንችና እኔ እኩል ነን» ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ልቤ ግን እንግዳ ነበር። አንድ ጥፋት ቢገኝብኝ «ድሮስ» የሚሉኝ፣ የሰጡኝን የሚነጥቁኝ ይመስለኝ ነበር። ከእኔም በላይ ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ነበረች። እናታችን በሞተች ጊዜ እኔ ገና ጥርሴን አልቀየርሁም፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወደዚህ ለመምጣት ተመዝግባ ጎንደር ከተማ በኪራይ ክፍል ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ ሲባል ይወጣል፣ ወጣ ሲባል ይገባል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ነበር የማጸዳ፤ ደመወዙ ለልጆቼ ምግብና ለመብራት ይበቃል፣ ለእሷ ኪራይ ግን አይተርፍም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ሁለተኛ ሥራ ያዝሁ። የዚያ ቤት የበረኪና ሽታና የወጥ ቤቱ ሬዲዮ እስካሁን አብረውኝ አሉ። ሬዲዮው አንድ ዘፈን ይደጋግም ነበር፤ ትርጉሙን ሳላውቅ ዜማውን ይዤው ቀረሁ፣ ወለል ስወለውል ዛሬም ይመጣብኛል።

ሥራው የገባሁ ዕለት ኃላፊዋ ቅጽ አመጣች። ለእኔ ስታነብልኝ አንዱ ጥያቄ «ከዚህ ሌላ ገቢ የምታገኚበት ሥራ አለሽ ወይ?» የሚል ነበር። አለኝ አልሁ። እሷም ምልክት አደረገች፣ እኔም ፈረምሁ። ወር ሞልቶ ትሉሹን፣ የደመወዝ ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ስቀበል ከሠራሁት ግማሽ ያህሉ የለም። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። መቼም ተሳስተዋል ብዬ ለመናገር አፍ አልነበረኝም። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጬ ወረቀቱን ሳገላብጥ እናኑ ገባች። እናኑ የደንቢያ ሰው ናት፣ ከእኔ ስምንት ዓመት ቀድማ የመጣች፣ ዕብራይስጡን እንደ ቆሎ የምትቆረጥመው፤ እዚያው ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች።

«ሌላ ሥራ አለኝ ብለሻል፣ አይደል?» አለችኝ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ።

«ጠየቁኛ።»

«ጠየቁኛ ትላለች። የጠየቀሽን ሁሉ ስትመልሽ ይኸው ሻሽሽ ብቻ ቀረልሽ። አዲስ ቅጽ ላምጣልሽ፣ የለኝም በይና ፈርሚ። እኔ ስንት ዘመኔ።»

«ውሸት ነው እኮ እናኑ።»

«ወረቀት ነው። አፍሽን ከፍተሽ ምን አልሽ? ማንንስ ምለሽ ካድሽ? አንች ደግሞ፣ ቅድስናሽ ለኪራይ ይሆናል?»

እውነቷን ነው ብዬ አሰብሁ። እኛ አገር ሰው የሚዋሸው በአፉ ነው። ሰው ቆሞ፣ ስም ተጠርቶ፣ ተምሎ ሲካድ ነው ውሸት የሚባል። ወረቀት ላይ ሌላ ሰው በሠራው ምልክት ሥር ስሜን ብጽፍ ምን አለ? ፈረምሁ። በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ሙሉውን መጣ። እኔም የሦስት ወር ኪራይ ላክሁ።

ሰላሜ እስከዚያው ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤቱን ሳጥብ ኃላፊዋ ለምግብ አብሳይዋ እንደ ቀላል ነገር፣ «በመጪው ወር ከማስ ሃክናሳ ሰው መጥቶ የሠራተኛውን መዝገብ ያያል» ስትል ሰማሁ። ማስ ሃክናሳ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ባልዲውን ጨብጬ ቆምሁ። በዚያው ሳምንት ሰንበት፣ ምኵራብ ውስጥ በሴቶቹ በኩል፣ አንዲቱ ለአንዲቱ ስታወራ፣ በሌላ ከተማ አንድ ሰው መንግሥትን ሲዋሽ ተገኝቶ ጎንደር ያለ የወንድሙ ማመልከቻ ተቀመጠ አለች። እውነት ይሁን ወሬ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተነበበውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ጥርቅም ብሎ ተደፈነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊስ መኪና ሲያልፍ የልጆቼን እጅ ጠበቅ አደርጋለሁ። የሰንበት ሻማ ሳበራ ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፣ ሦስተኛውን ትልቋ ልጄ ጫረችልኝ።

እንዲህ ሳለሁ እትዬ ጥሩወርቅ ደወለች፤ ከክፍሏ አጠገብ ካለ ሱቅ፣ እኔ መልሼ እንድደውል። የስልክ ካርዴን በሳንቲም ፍቄ ደወልሁ።

«ለመምጫው ጠሩኝ» አለች። «ከበዓሉ በኋላ ቀርበሽ ትጠየቂያለሽ አሉኝ። ስለ አንችም ይጠይቁኛል፣ የት እንደምትኖሪ፣ ምን እንደምትሠሪ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ። «እትዬ፣ ሥራዋ አንድ ነው በያቸው። ትምህርት ቤቱን ብቻ ጥሪ።»

«ምነው?»

«ኋላ እነግርሻለሁ። አንድ በይ ብቻ።»

ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ካርዱ አለቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ አያ ታከለ ዘንድ ሄድሁ። አያ ታከለ በአገራችን ስንቱን ደም ያስታረቁ፣ እዚህ ግን ከሕንፃው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መኪና የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ተበዳዩ ማነው?» አሉኝ።

«መንግሥት።»

«መንግሥት ደጃፍ አለው?»

«አለው አያ። መሀል ከተማ፣ ከባንኩ በላይ ሁለተኛው ፎቅ።»

«ደጃፍ ካለውማ እንሄዳለን። ሳይመጣብሽ ሄደሽ መውደቅ ነው። ሁለት ሰው እጨምራለሁ፣ አንች ድንጋይሽን ያዥ።»

ዛሬ ስናገረው ያስቃል፤ ያኔ ግን ለእሳቸውም ለእኔም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልታየንም። ያጠፋ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከተበደለው ደጅ ይወድቃል። ሽማግሎቹም ነገሩ እሽ እስኪባል አይቀመጡም። እንዲህ ሆነን በማለዳ ወጣን፤ ሦስት ሽማግሎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከሕንፃው ግቢ ያነሳሁትን ድንጋይ ከትሉሾቹ ጋር በቦርሳዬ ይዣለሁ። የባንኩ ሰልፈኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ጥበቃው ረዘም ያለ ጎልማሳ ነበር፣ የኛው ሰው። እጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቶ ቆመ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ድንጋዩን አወጣው።

«ይህ ምንድን ነው እህቴ?» አለ በአማርኛ።

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ መሆኑማ ይታየኛል። ማንን ልትፈነክችበት ነው?»

«ራሴው ልሸከመው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

ሽማግሎቹን አየ፣ እኔን አየ። ኋላ እንዳወቅሁት መላኩ ይባላል፣ ጎጃሜ ነው። ድንጋዩን ከጠረጴዛው ሥር ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና፣ «እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለኝ። ለአያ ታከለ ደግሞ፣ «አባቴ፣ እዚህ ቤት ሽምግልና የሚገባበት መስኮት የለም። እዚህ ቁጥር ነው የሚወሰድ» አላቸው።

«ቁጥሩን አንተ ውሰድልን» አሉ አያ ታከለ። «እኛ መቆሙን እንችልበታለን።»

ቁጥራችን ደረሰ። ጸሐፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ተቀመጡ ብላ ወንበር አሳየች። ማንም አልተቀመጠም። ደግማ ተቀመጡ አለች። ሦስቱም ጋቢያቸውን አደግድገው እንደ ቆሙ ናቸው። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም ጀመሩ፤ ሴትዮዋም ግራ ገብቷት እጇን አንስታ መላኩን ጠራችው። እኔ በቃ፣ ሊያስወጡን ነው፣ ሊያስሩኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ምን ፈልገው ነው? ለምን አይቀመጡም?» አለችው።

«ቃልሽን እስክትሰጫቸው አይቀመጡም። ሥርዓታቸው ነው» አላት።

«የምን ቃል?»

አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በላት ልጄ። ይህች ልጃችን አጥፍታለች። ሁለት ሥራ እያላት አንድ ነው ብላ በወረቀት ዋሽታለች። ድሃ ናት እንጂ ሌባ አይደለችም። የሚከፈል ካለ እኛ ተዋጥተን እንከፍላለን፣ የሚታሰር ካለ እኔ ሽማግሌው እታሰራለሁ። እህቷን ብቻ እንዳትነኩባት።»

መላኩ ተረጎመ። እኔ ከእግሯ ልወድቅ ወደ መሬት ዝቅ ስል በክንዴ ያዘኝ። ሴትዮዋ ብዙ አልተናገረችም፤ ትሉሾቹን አለች። በነጠላ ጠቅልዬ የያዝኋቸውን ፈትቼ ሰጠኋት፣ የሁለቱንም ሥራ። ስንት ልጅ አለሽ፣ ባልሽስ፣ መቼ ገባሽ አለችኝ። ከዚያ ማሽኑን መምታት ጀመረች። ያን ያህል የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ጣቶቿ በቆሙ ቁጥር ልቤ ይቆማል። አንድ ጊዜ ቅንድቧን አነሳች፣ በዚያ ቅንድብ እትዬ ጥሩወርቅን አጣኋት። በመጨረሻ መነጽሯን አውልቃ ለመላኩ ረጋ ብላ ነገረችው፣ እሱም ወደ እኔ ዞረ።

«እንዲህ ነው የምትል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከግብሩ የሚተውለት ነገር አለ፤ ለሴት ይጨምራል፣ ልጅ ላላት ይጨምራል። ያን የሚያስቡልሽ ግን በአንዱ ሥራ ብቻ ነው። ሁለተኛው አሠሪ የመጀመሪያው ስንት እንደከፈለሽ አያውቅም። ስለማያውቅ ትልቁን ግብር ቆርጦ ያስቀምጣል። ጠልቶሽ አይደለም፣ ፈርቶ ነው።»

«ፈርቶ?»

«አዎ፣ እንዳንች። ስለዚህ ሁለት ሥራ ያለው ሰው መጀመሪያ እዚህ ይመጣል፤ ሁለቱን ይደምሩና፣ ሁለተኛው ይህን ያህል ብቻ ይቁረጥ የሚል ወረቀት ይሰጡታል። ቴኡም ማስ ይሉታል። በየዓመቱ ይታደሳል። ያንች ሁለቱም ተደምሮ ግብር አይደርስበትም። ምንም አይቁረጡባት ብላ ጽፋልሻለች።»

«የፈረምሁትስ?»

«አዲስ ቅጽ ሞልተሽ እውነቱን ጻፊ፣ ይህን አያይዢበት። መጀመሪያ የተቆረጠብሽንም ጠይቀሽ ታስመልሻለሽ። የዋሸሽው ለከንቱ ነው አለች።»

አያ ታከለ ግን እንደ ቆሙ ነበሩ። «ይቅር ብላለች ወይ?» አሉ።

«አባቴ፣ ዕዳ የለባትም ነው የምትል።»

«ስለ ዕዳ አልጠየቅሁም። ይቅር ብላለች ወይ ነው ያልሁ።»

መላኩ አንገቱን እያሻሸ ተረጎመ። ሴትዮዋ አየቻቸው፤ ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አየች፤ ከዚያ በዕብራይስጥ አንዲት ቃል አለች። «ይቅር ብያለሁ ብላለች» አለ መላኩ። ሦስቱም ሽማግሎች በአንድ ጊዜ ተቀመጡ።

ደስታዬ የቆየው ደረጃውን ወርደን እስክንጨርስ ነበር። ከባንኩ ፊት ስንደርስ ብርድ እንደመታው ሰው ቆምሁ። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ስሜ፣ ቁጥሬ፣ ሁለቱ ሥራዎቼ ጎን ለጎን፣ በመንግሥት ማሽን ተጽፈው። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ በሌላ የመንግሥት ጠረጴዛ ፊት ቀርባ አንድ ልትል ነው። አንዱ መዝገብ ሌላውን ቢያይ የምትወድቀው እሷ ናት። እስካሁን የፈራሁት ለራሴ ውሸት ነበር፤ ከዚያ ደቂቃ ወዲህ ግን በሕይወቷ ለገበያተኛ እንኳ ዋጋ ያልዋሸች ሴት አፍ ውስጥ ውሸቴን ማኖሬን አየሁ። ሽማግሎቹን አሰናብቼ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው የሕዝብ ስልክ ሮጥሁ። መስመሩ አይገባም። ወደ ማታ ሞከርሁ፣ አይገባም። በማግስቱም እንዲሁ። የዚያ ሰፈር ስልክ ተቋርጧል ተባለ፤ ዝናብ ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። መጠየቂያዋ ማክሰኞ ነው፣ ቀርቶ የነበረው አራት ቀን። ከሰንበት በቀር በየቀኑ በእረፍቴ ሰዓት ያን ስልክ ይዤ ቆምሁ፤ አጠገቤ ወታደር ልጆች እየሳቁ ለእናቶቻቸው ይደውላሉ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ጩኸት ነው። አዲሱን ቅጽ ሞልቼ ወረቀቱን ለኃላፊዋ ሰጠሁ፤ «ይህን መጀመሪያ ብታመጭ ኖሮ» ብላ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው፣ ሌላ ምንም አላለችኝም። ማክሰኞ ጾሜን ዋልሁ። የትምህርት ቤቱን መስኮት ስወለውል እዚያ አሁን ቀርባ ይሆናል፣ አሁን አፏን ከፍታ ይሆናል እያልሁ ያንኑ አንድ መስኮት ስንቴ እንዳጠብሁት አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት መስመሩ ገባ። ባለሱቁ ሄዶ ጠራልኝ፤ የእግሯን ኮቴ፣ ትንፋሿን ሰማሁ።

«ቀረብሽ?» አልኋት።

«ቀረብሁ።»

«ስለ እኔ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። እህትሽ ምን ትሠራለች አለኝ ሰውዬው።»

«ምን አልሽው?»

«ጠዋት ትምህርት ቤት ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ የአዛውንቶች ቤት ታጸዳለች አልሁት። እሱም ጻፈው። ሁሉንም ጽፎ ሲያበቃ ተቀባይነት አግኝተሻል፣ ቀኑን እንነግርሻለን አለኝ።»

የስልኩን እንጨት ተደግፌ ቆምሁ። እግዚአብሔርን ማመስገን ሲገባኝ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«አንድ በይ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለሽኝ ነበር» አለች። «እኔን ለማምጣት ሁለት ቦታ ወለል ትወለውላለች እያልሁ ለዚህ ሰፈር ሰው ስናገር ኖሬ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ ልደብቀው? ደግሞስ እኔ አንችን መዋሸት ያስተማርሁሽ መቼ ነው?»

ካርዱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ቀረው የሚለው ድምፅ ገባ።

«አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ።»

«እንግዲያው ሂጅ። ሁለተኛው ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ስልኩን ሰቅዬ ሄድሁ።